መንገዱን ንገሩኝ

በመጨረሻው ቀን ወንድሜ ኢብራሂም ማንጎ ከለከለኝ። ከዚህ ልጀምር። ሌላ መጀመሪያ ስፈልግ ሰነበትኩ፤ አልመጣልኝም።

ቅዳሜ ነበር። ጠዋት አሶሳ ከተማ መሃል ካለ አንድ ክሊኒክ የመንጋጋ ጥርሴን አስነቅዬ ወደ እናታችን ቤት መጣሁ። ቀኝ ጉንጬ እስከ ጆሮዬ ሥር ደንዝዟል። ከንፈሬ ቅል የሚያክል ይመስለኛል። እናቴ ከግቢያችን ዛፍ የወረደ ማንጎ ቆርጣ በሳህን አስቀምጣልኛለች፤ አጠገቡ ትኩስ የከርከዴ ሻይ አለ። አንዱን ቁራጭ ላነሳ ስል ኢብራሂም ከሥራ በቀጥታ መጣ። በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ አየኝና ሳቀ።

«ከንፈርህ ተኝቷል?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ታዲያ ማን ፈቀደልህ?» ሳህኑን ከፊቴ አነሳው። «አሁን ብትበላ ማንጎውን ትተህ ጉንጭህን ነው የምታኝከው። ከርከዴውም ይቀዝቅዝ። ቢያቃጥልህ አታውቀውም።»

«አብጧል መሰለኝ» አልኩ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ተንሻፈፈ።

«እማ፣ መስታወት ስጪው፤ አብጧል ይላል!»

መስታወቱን አየሁ። ምንም አላበጠም። እናቴ ሳቀች። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ መንጋጋዬን በሁለት ጣቱ ዳሰሰ። እጁ እንደ ሁልጊዜው የክሊኒክ አልኮል ይሸታል። ማንጎውን በሌላ ሳህን ከደነው። «ስሜቱ ሲመለስ ብላ» አለ። ከዚያ ምሳውን በላ። ስለሚያፈሰው የጣሪያችን ቆርቆሮ ተከራከርን፤ እሱ ምስማሩ ነው ይላል፣ እኔ ቆርቆሮው ነው እላለሁ። «ነገ ጠዋት መጥቼ አሳይሃለሁ» ብሎ ወጣ።

መግሪብ ሰግዶ ከመስጊድ ሲወጣ ደረቱን ያዘ። ሆስፒታል አልደረሰም።

ስለዚያ ሌላ መጻፍ አልችልም። ስለዚያ የአልኮል ሽታ ግን እችላለሁ። እሱ ሲሸተኝ ሁልጊዜ ከአሶሳ ወዲያ ያለችው መንጌ ውስጥ ነኝ፤ ክረምት ነው፤ ትንሽ ልጅ ነኝ።

አራተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ኢብራሂም ጤና ረዳት ሆኖ ተመርቆ መንጌ ክሊኒክ ተመድቧል። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ልብሴን በጨርቅ ቋጥራ «ሂድ ከወንድምህ ጋር ሁን፤ ብቻውን አይብላ» ብላ ላከችኝ። እኔ እሱን እንድጠብቀው የተላክሁ መሰለኝ። ወንጭፌን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት ትራስጌዬ አደርገው ነበር።

የምናድረው በእናታችን ታላቅ ወንድም ቤት ነው። የእናት ወንድም እኛ ዘንድ ኻል ይባላል፤ ኻል ሙሳ እንለው ነበር። ዝናብ ሲቀንስ ከወንዙ ወርቅ ያጥባል፤ ሲዘንብ ማሽላውን ይኮተኩታል፤ ሁለቱንም ሲያደርግ ግን ያወራል። እንደሱ የሚያወራ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም። በተለይ መንገድ። ገበያ ደርሶ ከመጣ የገበያውን ወሬ ትቶ የመንገዱን ይነግርሃል፤ የትኛው ድንጋይ እንደተንሸራተተ፣ የማን ውሻ እንደጮኸበት፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንደቆመና ለምን እንደቆመ። ሚስቱ አሻ የማሽላ ገንፎውን ከባሚያ ወጡ ጋር እያቀረበች «ሙሳ ገበያ የሚሄደው አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ ግን ከሱ ጋር ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ» ትል ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ኻል ሙሳ በግራ ጉንጩ ብቻ ነበር የሚበላው። የቀኙ መንጋጋ ጥርሱ በስብሷል። አንዳንድ ጠዋት ፊቱ አብጦ ዓይኑ ይጠባል። ኢብራሂም ልንቀለው ሲለው «ወርቁን ልጨርስ» ይላል። ወርቅ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ እኔም አውቅ ነበር።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ደጁ ላይ የግንድ አግዳሚ። ጠዋት ጠዋት ሰው አግዳሚው ላይ ይሰለፋል። አብዛኛው ቁስለኛ ነው፤ እግሩን መቆፈሪያ የመታው፣ እጁን ቀርከሃ የሰነጠቀው፣ ጥርሱ ያመመው። ኢብራሂም እጁን ታጥቦ ይወጣና መጀመሪያ በበርታ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ይናገራል። በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው፤ እስካሁን በቃሌ አለ።

«የማደንዘዣው መርፌ ሲገባ ይቆጠቁጣል። ንብ ነው በሉት። ከዚያ ይቀዘቅዛል። ስነካችሁ ይታወቃችኋል፤ ሕመሙ ግን የለም። ካለ ንገሩኝ፤ እጠብቃለሁ።

«በፊት ተወግታችሁ ያስቸገራችሁ ነገር ካለ አሁን ንገሩኝ። ልቡን የሚያመው፣ እንክብል የሚውጥ፣ ሥር ቀቅሎ የጠጣ፣ ያረገዘች፣ አሁን ትንገረኝ፤ ከመርፌው በኋላ አይደለም። ሆዱ ባዶ የሆነ ሄዶ ይብላ።

«መርፌው እየገባ ጆሯችሁ ከጮኸ፣ አፋችሁ ብረት ብረት ካለ፣ ምላሳችሁ ከከበደ፣ ከዞረባችሁ፣ ያኔውኑ በሉ። ፈሪ አልላችሁም።

«አፉን የተወጋ፣ ከንፈሩ እስኪነቃ አይበላም፤ ትኩስ አይጠጣም። ልጅ ከሆነ እናቱ ትጠብቀው፤ ከንፈሩን በልቶ ይገኛል። እግሩን የተወጋ እስኪነቃ አይረግጥም። እስከ ማታ ካልነቃ ወይም ሰውነቱ ካሳከከው፣ ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ይምጣ። አፍራለሁ፣ አስቸግራለሁ ማለት የለም።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር፤ ከንፈር ይተኛል። የተኛ ነገር ደግሞ በጩኸት ይነቃል። ስለዚህ ኢብራሂም ውስጥ ጥርስ ሲነቅል በሩ ላይ ቆሜ አግዳሚው ላይ ያሉትን ሴቶች ዝም አሰኛለሁ።

«ዝም በሉ! ከንፈሩ ይነቃል!»

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ ደግሞ በሳቃቸው ይብስ እደነግጣለሁ።

እግሬን የቆረጥኩት በክረምቱ አጋማሽ ነው። ወንዙ ዳር የተተዉ የወርቅ ጉድጓዶች አሉ፤ አትግቡ ተብለናል፤ ገባሁ። የተሰበረ መቆፈሪያ ውስጡ ነበር። ኻል ሙሳ የወርቅ ገበቴውን ጥሎ አቅፎኝ ሮጠ። እየሮጠም ያወራ ነበር፤ «ይቺን ድንጋይ ዘለልን፣ አሁን የአብደላ ማሳ ነው፣ አሁን ደረስን።» እስክንደርስ ማልቀስ ረሳሁ።

ኢብራሂም ቁስሉን አጠበና ስሪንጁን ያዘ። እንደ ወንድም አላናገረኝም፤ እንደ በሽተኛ ነው ያናገረኝ። ያ ደስ አለኝ።

«ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ይቆጠቁጣል። ምንድን ነው እንላለን?»

«ንብ።»

መርፌውን አስገብቶ ወደ ኋላ ሳብ አደረገው። ደም ሥር ውስጥ ገብቶ እንደሆነ የሚያይበት መንገድ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ መርፌውን ፈቃድ የሚጠይቅ መሰለኝ። መርፌው እሺ አለው። ከዚያ ቀስ እያለ ገፋ። እግሬ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ራቀ፣ ከዚያ የሌላ ልጅ እግር ሆነ። ሲሰፋ እያየሁ ነበር። ክሩ ሲጎተት ይታወቀኛል፤ ሕመሙ ግን የለም። ልክ እንዳለው።

ከዚያ እግሬን በርጩማ ላይ አስቀምጬ እስኪነቃ እንድጠብቅ ታዘዝኩ። ኻል ሙሳ አጠገቤ ተቀመጠ። ሲያየኝ ቆየና ኢብራሂም ሳያየው አውራ ጣቴን በጥፍሩ ቆነጠጠ።

«ታውቆሃል?»

«አልታወቀኝም።»

አጥብቆ ቆነጠጠ። «አሁንስ?»

«አልታወቀኝም ኻል።»

«ይሄ ልጅ የወንድሙን ስም ለማስጠራት ነው የሚዋሸው» አለ ጮክ ብሎ። ውስጥ እግሬን በሣር ሞከረኝ። እኔ በሣር መነካት የማልችል ልጅ ነበርኩ፤ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። አሁን ግን አልሳቅኩም። ኻል ሙሳ ሣሩን ጣለና ጉንጩን ያዘ። ማሰብ ጀመረ፤ እኔ ሲያስብ አይቼው ስለማላውቅ ያመመው መሰለኝ።

«ኢብራሂም» አለ። «ጥርሴንም እንዲህ ታደርገዋለህ?»

«ነገ ጠዋት። በልተው ይምጡ።»

በማግስቱ እየዘነበ መጣ፤ አሻ ጥላ ይዛለት። ኢብራሂም ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና እንደማንኛውም ሰው ጠየቀው።

«ኻል፣ በልተዋል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ከዚህ በፊት መርፌ ተወግተው ያስቸገረዎት ነገር ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ልብዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ ልጄ።»

ኢብራሂም ደስ አለው። መርፌውን አስገብቶ ሳብ አድርጎ አየ፤ ደም የለም። ቀስ ብሎ ትንሽ ገፋ። «እንዴት ነዎት?» «አልሐምዱሊላህ።» ትንሽ ደግሞ ገፋ። «አሁንስ ኻል?»

«አል… ሐምዱሊላህ።»

አሻ በሩ ላይ ጥላውን እያራገፈች ነበር። ድንገት ጮኸች።

«ኢብራሂም! መርፌውን አውጣ!»

«ምን ሆነ? ደህና ነኝ አለ እኮ!»

«ሙሳ ቁጭ ብሎ ዝም ያለበትን ቀን አይቼ አላውቅም! እስከ በርህ ድረስ ዝናቡን ሲሰድብ ነው የመጣው!»

ኢብራሂም መርፌውን አወጣ። የኻል ሙሳ ከንፈር አመድ መስሏል፤ ጣቶቹ ወንበሩ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። መሬት ላይ አጋድመው እግሩን የማሽላ ጆንያ ላይ ሰቀሉት። ኢብራሂም የእጁን አንጓ ይዞ ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ። የእሱም ከንፈር አመድ መስሎ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ ጮክ ብዬ ብናገር ኻል ሙሳ የሚሞት ስለመሰለኝ አፌን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

ቀስ በቀስ ቀለሙ ተመለሰ። ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን አየ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

«ዝም በል አንተ!» አለች አሻ፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

ነገሩ የወጣው ያኔ ነው። ኻል ሙሳ ከዓመታት በፊት ወርቅ ሊሸጥ ሱዳን ድንበር ኩርሙክ ሄዶ ጥርሱን አሞት አንድ ሰው መርፌ ወግቶት ነበር። ጆሮው እንደ ቀፎ ጮኸ፤ አፉ መቆፈሪያ የላሰ መሰለው፤ ወደቀ። ጥርሱም ሳይነቀል ተመለሰ። ለአሻ እንኳን አልነገረም። ዛሬም ያው ነው የሆነው። ሆዱም ባዶ ነበር፤ የሥር መድኃኒት በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣ፣ ይሄም እንደዚያ ይሆናል ብሎ።

«ታዲያ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?» ኢብራሂም ሊያለቅስ ደርሷል።

ኻል ሙሳ ከልቡ ተገረመ።

«ደህና ነህ አልከኝ። ሰው ደህና ነህ ሲባል ምን ይላል? ፈጣሪውን ይከሳል? አባትህ ሊሞት ባለበት ጠዋት ጎረቤት ገብቶ እንዴት አደርክ ሲለው ምን አለ?»

ኢብራሂም መልሱን ያውቃል። እኔም ቤት ውስጥ ነበርኩ። አባታችን ያለው ያንኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ኢብራሂም የክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለእኔ ይሁን ለዝናቡ አላውቅም፣ «ስጠይቅ የነበረው ጥያቄ አይደለም። ሰላምታ ነው» አለ።

አሻ ገንፎ ይዛልን መጣች። «ምን ታስባለህ?» አለችው። «ሙሳ ሲታመም አይናገርም። ሙሳ ደህና ሲሆን ነው የሚናገር። አስወራው። ሲያቆም ያን ጊዜ እወቅ።»

«ምን ብዬ ላስወራው?»

«መንገድ ነዋ! ሙሳን መንገድ ጠይቀኸው ያልመለሰልህ እንደሆነ ከፈን አዘጋጅ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ መርፌ ሲያስገባ «እንዴት ነዎት» ማለት ተወ። «ከቤትዎ እስከዚህ ያለውን መንገድ ንገሩኝ» ይላል። መጀመሪያ ሰው ግራ ገባው። ኋላ ግን ለመደው፤ አግዳሚው ላይ ያሉትም በሩን ገርበብ አድርገው ያዳምጣሉ። አንዷ «የጎረቤቴን አጥር አልፌ» ስትል ጎረቤቷ ከአግዳሚው «አጥሬን የጣሰችው ፍየልሽ ናት፣ እሱንም ተናገሪ!» ትላለች። መንገዱ ከተቋረጠ፣ ቃሉ ከተጎተተ፣ ኢብራሂም እጁን ያቆማል። «እዚያው ቁሙ። እንጠብቅ» ይላል። ይጠይቃል፤ ያያል። ከዚያ ወይ ይቀጥላል ወይ ይተወዋል። ያን ክረምት መንጌን ዙሪያዋን ሳልሄድባት አወቅኋት።

ከባምባሲ የሚመጣ ገመቹ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጭቃ ውስጥ ሰንሰለት ሲያስር መዳፉን ተቆርጦ መጣ። መንገዱን ንገረኝ ሲባል የሾፌር ነገር፣ ከባምባሲ ጀመረ።

«አሶሳ ድረስ ጋሪዳ፣ ደህና ነው። ከአሶሳ ስትወጣ ግን ያው እንደምታውቀው… ሁለተኛው ድልድይ ጋ የኋላ ጎማዬ ገባ። ረዳቴ ድንጋይ ሊያመጣ ሄደ…»

«ጨርሻለሁ» አለው ኢብራሂም ክሩን እየቆረጠ።

«ቆይ እንጂ፣ መኪናዬ አልወጣችም!»

«እጅህ እስኪነቃ መሪ አትያዝ። እስከዚያ ረዳትህ ያውጣት።»

የኻል ሙሳ ጥርስ ግን እዚያው ነበር። ኢብራሂም ሁለተኛ አልወጋዎትም፣ አሶሳ ሆስፒታል ሐኪም ይይዎት አለው። መንገዱ ደግሞ በዝናብ ተዘግቷል። እንክብል ሰጠው፤ በጨው ውሃ እየተጉመጠመጠ ጠበቀ። ጠዋት ጠዋት ወንድሜ ከሶላት ሲነሳ በቀጥታ ሄዶ የኻልን ጉንጭና አንገት ይዳስሳል። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ በቃሬዛ ተሸክመነው እንሄዳለን ሲል ሰምቻለሁ። ስለዚህ እኔም በድብቅ አንገቱን አያለሁ። ኻል ሙሳ አንድ ቀን ያዘኝ። «አንተ ደግሞ ምን ታያለህ?» «አንገትዎን።» «አለ?» «አለ።» «አልሐም…» ብሎ አቆመ፣ አሰበም። «ትንሽ ያመኛል» አለ በቀስታ፣ ምስጢር እንደሚነግር። ሮጬ ለኢብራሂም ነገርኩት፤ ወንድሜ ወርቅ የተገኘ ያህል ደስ አለው።

ዝናቡ ሲረግብ ገመቹ በመኪናው ወሰደን፤ ትምህርት ሊከፈት ስለነበር እኔም አብሬ ተመለስኩ። እናቴ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀችን። የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ኻል ሙሳ በተሰባበረ አማርኛው፣ «አንተ ነህ ሐኪም? ልጅ ነህ እኮ አንተ!» አላት። «እኔ ነኝ አባባ፣ ልጅ ነኝ» ብላ ሳቀች። ኢብራሂም የኩርሙኩንም የመንጌውንም አንድ ሳያስቀር ነገራት። ብዙ ጠየቀችው፤ ልቡን አዳመጠች፤ መብላቱን ከእሱ ሳይሆን ከወንድሜ ጠየቀች። ጋደም አድርጋው በጣም በጥቂቱ፣ በጣም በቀስታ እንደምትሞክር ነገረችው። ወንድሜ ራስጌው ቆመ።

«ኻል፣ ከበርዎ እስከ አሶሳ መንገዱን ይንገሩኝ።»

«በመኪና የመጣነውን ወይስ የእግሩን?»

«የእግሩን።»

እናቴ ግድግዳው ጋ ቆማ ነበር። መንገዱ የእሷም ነው፤ ከመንጌ ለአባቴ ተድራ የመጣችበት። ኻል ሙሳ ከበሩ ወጣ፣ የአብደላን ማሳ አለፈ፣ ወንዙን ተሻገረ። አማርኛው ሲያልቅበት በበርታ ይቀጥላል፤ ሐኪሟ ባይገባትም ታዳምጣለች።

«…ከዚያ ቀርከሃው መሃል ትገባለህ። ይጨልማል። ከዚያ…» ዝም አለ። «ቆይ። ጆሮዬ ትንሽ ጮኸ።»

የሐኪሟ እጅ ቆመ። ኢብራሂም ትከሻውን ያዘው።

«እዚያው ቁሙ ኻል። እንጠብቃለን።»

ጠበቅን። ሐኪሟ ደም ግፊቱን ለካች፤ ዓይኑን አየች። እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቁርአን ትቀራለች። ከዚያ ኻል ሙሳ ተነፈሰ።

«እሺ፣ አለፈ። ከቀርከሃው ወጣን።»

ጥርሱ ሲነቀል ገና ኮረብታውን እየወጣ ነበር። «አልቋል አባባ» ስትለው ተቆጣ። «ከተማው አልገባሁም እኮ!» እናቴ ቤት ሲደርስ ገንፎ ቀረበ፤ ከንፈሩ እስኪነቃ ድረስ ግን አላስነካችውም፤ ሳህኑን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። እሱም እየጠበቀ ከኮረብታው እስከ ቤታችን በር ያለውን ጨረሰልን። እኔ እንደዚያ ቀን የሳቅንበትን ቀን አላስታውስም። ማታ ወንጭፌን ትራስጌዬ ሳላደርግ ተኛሁ።

ይሄ ነው። ከዚያ ኻል ሙሳ ብዙ ዓመት ኖሮ አረፈ፤ ያን ግን አሁን አልጽፍም።

ኢብራሂምን እሁድ ጠዋት ቀበርነው። እነሱ አፈሩን ሲመልሱ እኔ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ እጄ ጭቃ ስለነበር የሆነ ነገር አድርጌያለሁ። ቤት ስመለስ እናቴ በሴቶቹ መሃል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ውሃ አልጠጣችም። አንዷ ትመጣና እንዴት ነሽ ትላታለች። አልሐምዱሊላህ ትላለች። ሌላዋ ትመጣለች። አልሐምዱሊላህ። ድምፁ አንድ ነው፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ሴቶቹ ጠንካራ ናት ይላሉ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇ ቀዝቃዛ ነው።

«እማ» አልኳት። «ከኻል ሙሳ በር እስከዚህ ያለውን የእግር መንገድ ንገሪኝ።»

ዞራ አየችኝ። ከዚያ በበርታ፣ በቀስታ ጀመረች። ከበሩ ወጣች። የአብደላን ማሳ አለፈች። ወንዙን ተሻገረች፤ ውሃው ጉልበት ድረስ ነው አለች። ሴቶቹ ወሬያቸውን ተዉ። ቀርከሃው መሃል ገባች።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «ወንድሜን ጠይቄ ስመለስ፣ ኢብራሂም ሆዴ ውስጥ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው። እዚህ ጋ…» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እዚህ ጋ ያመኛል።»

«እዚያው ቁሚ» አልኩ። «እንጠብቃለን።»

ያኔ አለቀሰች። ያዝኳት። ጠበቅን። ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጣች። ብዙ ቆይታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ከቀርከሃው ወጥታ፣ ኮረብታውን ወጥታ፣ እስከ በራችን መጣች። ከዚያ ጉንጬን በመዳፏ ያዘችው፤ ጥርሱ የተነቀለበትን።

«የኔን ጨረስኩ» አለች። «አሁን ያንተን ንገረኝ።»

ሳህኑ እንደተከደነ እዚያው ነበር። ከማንጎው ጀመርኩ።